ለፊተኛው ግማሽ ባለቤት

ውድ እታለም ቦርጊል፣

በከባድ ሐዘን የማስታውቅሽ ነገር ስላለ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። በጀልባችን የፊተኛ ግማሽ ላይ ለረጅም ዘመን በታማኝነት ያገለገለው፣ ከእውነተኛ የከርከሮ ጸጉር የተሠራው፣ እጀታው ላይ የጥርስሽ ምልክት ያለበት የቫርኒሽ ብሩሽሽ ባለፈው ሳምንት በድንገት አርፏል። ደርቆ፣ ጠንክሮ፣ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ቆርቆሮው ውስጥ ተገኘ። ቀብሩ አልተፈጸመም። ማጽናኛ መላክ ብትፈልጊ አድራሻዬን ታውቂዋለሽ፤ ሁለት በጋ ሙሉ ባትጠቀሚበትም ያው ነው፣ አልተቀየረም።

«የእኔ ብሩሽ በአስላውግ እጅ ምን ሊሠራ ገባ?» ትያለሽ። እዚያ እደርሳለሁ። መጀመሪያ ግን የስፔን ፀሐይ አናትሽን መትቶሽ አንዳንድ ነገር ረስተሽ እንደሆነ ላስታውስሽ።

አባባ ሲሞት ጀልባችንን ፔትሪናን ለሁለታችን አካፈለን። ለአንቺ የፊቱን ግማሽ፣ ለእኔ ሞተሩ ያለበትን የኋላውን። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አባባ ግን የሚያደርገውን ያውቅ ነበር። ሞተር የሌለው ግማሽ የትም አይሄድም፤ አፍንጫ የሌለው ግማሽም ይሰጥማል። አንቺ የቫርኒሽ ሰው ነሽ፣ እኔ የተልባ ዘይት። ስለዚህ በየጸደዩ አንቺ ከፊት ትቀቢያለሽ፣ እኔ ከኋላ እቀባለሁ፤ መሀል ላይ በክር ለክተን ያሰመርናት መስመር ላይ ስንገናኝ እንተያይና ዞር እንላለን። የፊቷ እንደ መስታወት ያበራል፣ የኋላዋ እንደ አሮጌ ኮርቻ ይደበዝዛል። የበጋ እንግዶች ሲያዩን «ገንዘብ አልቆባቸው ነው» ይላሉ። የአገሩ ሰው ግን ነገሩ ይገባዋል። የወደብ ማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ቫርኒሾች በመስኮቱ በኩል፣ ዘይቶች በምድጃው በኩል ተቀምጠው የዋፍል ቂጣቸውን የሚበሉት በከንቱ አይደለም። በእኔና በአንቺ ምክንያት ቤታችን ውስጥ ብቻ ነው ሁለቱ ሃይማኖቶች አንድ ጣሪያ ሥር ያደሩት።

ከዚያ ጉልበትሽ የዚህን አገር ብርድ እምቢ አለና ሄድሽ። አውቶቡሱ ጋ ቆመን ምን እንዳልሽ ታስታውሻለሽ? «ፔትሪና ውሃ ላይ በዋለችበት በጋ እመጣለሁ። እሷ ከሌለች ግን እዚህ ምን አለኝ?» ይህን ስትዪ ሻንጣሽን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ዝም አልኩ። ሻንጣሽ ከባድ ስለነበር ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

በመጀመሪያው በጋ ብቻዬን ሆኜ ውሃ ላይ ላወርዳት አልቻልኩም። ሁለተኛው በጋ ሳይደርስ በረዶ ላይ ወድቄ የእጄ አንጓ ተሰበረ። ዘንድሮ ደግሞ ጋሽ ታላክ መጣ። የወደብ ማኅበሩ ሊቀመንበርም፣ በበጋው አጋማሽ በዮሐንስ ዋዜማ የሚለኮሰው ደመራ ኮሚቴ ሊቀመንበርም አሁንም እሱ ነው፤ ሁለቱም ኮሚቴዎች አንድ ባርኔጣ ሥር ይሰበሰባሉ። በሩ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እትዬ አስላውግ፣ ደንቡን ታውቂዋለሽ።»

«የትኛውን? አንተ ደንብ አታጣም።»

«መሬት ላይ ሦስተኛ የዮሐንስ ዋዜማ የሚደርስባት ጀልባ ወደ ደመራው ትሄዳለች። ጀልባዋ የጀልባ ማውረጃውን መንሸራተቻ ዘግታብናለች። ደንቡን ያወጣው አባትሽ ነው።»

እውነቱን ነው። አባባ ነው ያወጣው። የሞቱ ጀልባዎች በባሕሩ ዳር ሲበሰብሱ ማየት አይወድም ነበር፤ «እንደ ሰው ይቃጠሉ» ይል ነበር፣ ምን ማለቱ እንደሆነ ማንም አልጠየቀውም።

ስለዚህ ጸደዩን ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኳት። የኋላውን ዘይት አጠጣሁ። ከዚያ፣ እታለም፣ ያንቺን ቫርኒሽ ከፈትኩና የፊቱን ቀባሁ። ብርሃኑ ዓይኔን አመመኝ። ክሯን ዘርግቼ መስመራችንን ጠበቅኩ። ከዚያ ወደ ውሃ አወረድኳትና እንደ ሥርዓቱ ጥልቀት የሌለው ቦታ አሰጠምኳት። ሁለት ዓመት የደረቀች ጀልባ ብዙ ትጠጣለች፤ እኔም የአክስታችን ልጅ በቤተ ክርስቲያን ለሚደረገው የልጇ የእምነት ማጽኛ በዓል ጠርታኝ ስለነበር «ጠጪ እንግዲህ» ብያት ወደ ተራራው አገር ሄድኩ።

ስመለስ ፔትሪና የለችም።

ገመዷ የለም፣ አፍንጫዋ የለም፣ ውሃው ላይ አንድ ዳክዬ ብቻ ዞር ዞር ይላል። ባሕሩ ዳር ቁጭ አልኩ። ያንቺ ጉልበት ከእኔ ቤት የሄደ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ግማሹን ትተሽልኝ ሄደሻል። ያኔ ከላይ ካለው አዲስ የበጋ ቤት አንድ ሰው እጁን እያውለበለበ ወረደ። ፕሬበን ይባላል። ከዋና ከተማው ነው። ማቀዝቀዣ በጀርባው ተኝቶ የሚንሳፈፍ የሚመስል ትልቅ ነጭ የፕላስቲክ ጀልባ አለው።

«እማማ፣ እንኳን ደስ ያለዎት!» አለኝ። «ጀልባዎ ተርፋለች!»

«ከምን?»

«ከመስጠም ነዋ! እስከ አንገቷ ገብታ አየኋት። ኧረ ሰው ድረሱ ብዬ ጮህኩ። አንድ ባርኔጣ ያደረጉ ሰውዬ ብቻ አለፉ፤ ‹እየጠጣች ነው፣ ተዋት› አሉኝ። እሳቸው የጠጡ መሰለኝ። ወዲያው ክሬን አስመጣሁ!» ደረቱን ነፋ። «አሁን ሞቅ ያለ ጋራዥ ውስጥ ናት። ሁለት ማሞቂያ፣ አንድ ማራገቢያ። ጠብታ ውሃ የለባትም።»

«ልጄ» አልኩት፤ ድምፄ እንኳ የእኔ አልመስል አለኝ፣ «ዓሣ ባሕር ውስጥ ስታይ ምን ታደርጋለህ? ፎጣ ታቀብለዋለህ?»

ሳቀ። እኔ ሳልስቅ ስቀር ሳቁን ዋጠው። እንግዲህ እያንዳንዱ የዚህ ወደብ ሕፃን ጡት ሳይጥል የሚያውቀውን ነገርኩት፦ የእንጨት ጀልባ የብርዱን ወራት መሬት ላይ ስትውል ሳንቃዋ ይደርቃል፣ ይሸሻል፣ ስንጥቁ ይከፈታል። በጸደይ ውሃ ውስጥ ትደፋለች፣ ትጠጣለች፣ እንጨቱ ያብጣል፣ ራሷን በራሷ ትዘጋለች። የሰጠመች ጀልባ ማለት እየዳነች ያለች ጀልባ ናት። እሱ ደግሞ በሽተኛዋን ከአልጋ አንስቶ እሳት ዳር አስቀመጣት።

ፊቱ እንደ ጀልባው ነጣ። «እንደዚያ ከሆነ... ዓሣውን ፎጣ አቀበልኩት ማለት ነው» አለ ቀስ ብሎ። ያኔ ልጠላው የጀመርኩትን ነገር ተውኩት። ቀልዱን ዘግይቶም ቢሆን የጨረሰ ሰው አይጠላም።

ጋራዡ እንደ ዳቦ ቤት ይግላል። ፔትሪና መሀል ላይ ተቀምጣለች፤ ከአንዱ ጎኗ ቆመሽ በሌላው ጎኗ የፕሬበንን ሱሪ ታያለሽ። በሳንቃዎቿ መካከል የሻይ ማንኪያ ይገባል። ይህን የማውቀው ፕሬበን ማንኪያ አምጥቶ ስላስገባ ነው፤ ማንኪያው ወደ ውስጥ ወደቀ፣ እሱም ይቅርታ ጠየቃት። እኔን ሳይሆን ጀልባዋን። የክሬኑ ቀበቶም ያንቺን ጠርዝ በሁለት በኩል ቧጭሮታል።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። በማግስቱ ታላክ ሜትሩን ይዞ መጣ። ለካት።

«ደመራው አናት ላይ በደንብ ትቀመጣለች» አለ። «ግማሿ ቫርኒሽ ነው፤ ጥሩ ይነዳል።»

«የእኔስ ግማሽ?»

«ዘይት? እሱማ ይብሳል።»

እንግዲህ አስቢው፤ ቫርኒሽና ዘይት በታሪካቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የተስማሙበት ነገር የእኛን ጀልባ ማቃጠል ሆነ። ታላክ ሜትሩን ጠቀለለና፣ ሊሄድ ሲል፣ ወደ ባርኔጣው እያየ፣ «ቦርጊልስ ዘንድሮ ትመጣለች?» አለኝ። አለቀሰች እንዳይል ማንኪያውን ፍለጋ ጀልባዋ ውስጥ ገባሁ።

ያን ሰሞን ደወልሽ። ታስታውሻለሽ፣ «ፔትሪና እንዴት ናት?» አልሽኝ።

«እየጠጣች ነው» አልኩሽ።

«እኔም» አልሽና ብርጭቆሽን ስልኩ ላይ አንኳኳሽ።

አሁን ስለገባሽ ልንገርሽ፤ ያኔ በቀኝ እጄ ስልኩን፣ በግራ እጄ ውሃ ማጠጫ ይዤ ነበር። በደረቀች ጀልባ ላይ ባሕሩን በአንዴ ብታወርጂባት ሳንቃዋ ተጣሞ ያብጣልና፣ አባባ አንድ ክፉ ጸደይ ላይ ያደረገውን አደረግኩ፦ ከወደቡ ሱፍ የተባለ ሁሉ ሰብስቤ በጨው ውሃ ነክሬ አለበስኳት። ብርድ ልብስ፣ ካፖርት፣ የመርከበኛ ካልሲ፣ የቄሱ ሚስት የሠራችው ማንም የማይለብሰው ሹራብ። ያንቺን የሠርግ ብርድ ልብስም ወስጃለሁ። ከጋብቻሽ ይልቅ ጠንካራ ሆኖ ተገኝቷል።

ፕሬበን ማሞቂያዎቹን ነቅሎ ከጋራዡ ወደ ወደቡ ዳር አወጣት፤ ሥራውንም ተወና ማጠጫ ያዘ። ጧት ያጠጣል፣ ከሰዓት ያጠጣል። በብሔራዊ በዓላችን ቀን ሰልፉ በእኛ በኩል ሲያልፍ እኔ የአገር ልብሴን ከብር ጌጡ ጋር ለብሼ፣ እሱ ነጭ ሸሚዝ አድርጎ፣ በእርጥብ ብርድ ልብስ የተሸፈነ ረጅም ነገር አጠገብ ቆመን ውሃ እናንቆረቁር ነበር። የነሐስ ባንዱ ዝም አለ። ትሮምቦን ነፊው ባርኔጣውን አወለቀ።

«ማን ነው?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ፔትሪና ናት።»

«ኧረ! እግዚአብሔር ያጥናችሁ። በስንት ዓመቷ?»

«ገና አልሞተችም፤ ንፋ!» ስለው ነፋ፤ ለእሷ ሲሉ ይመስለኛል እንደዚያ ቀን ጮክ ብለው ነፍተው አያውቁም።

ከዚያ በኋላ መልሰን አሰጠምናት። ስናወጣትና ውሃውን ስንቀዳ መልሳ ሞላች። እንደገና አሰጠምናት። መልሳ ሞላች። ፕሬበን የቀዳው ባልዲ ባሕሩን ዝቅ ያደረገው መሰለኝ። የዮሐንስ ዋዜማ ተቃረበ፤ ባሕሩ ዳር ደመራው ተተከለ፤ አናቱ ላይ የአንዲት ጀልባ ልክ የሚያህል ክፍት ቦታ ተትቷል። ታላክ የደንብ ሰው ነው፣ ቦታ ሲተው እንኳ ለክቶ ነው።

ከዋዜማው በፊት ባለው ምሽት ለመጨረሻ ጊዜ ውሃዋን ቀዳን፣ ሆዷን ወለወልን፣ ከወደቡ የእንጨት መድረክ ጎን አሰርናት። ከዚያ የአባባን ምርመራ አደረግኩ። ትዝ ይልሻል? ከወለሉ ሳንቃ ሥር፣ የጀልባዋ ሆድ ላይ፣ አንድ ደረቅ ብስኩት ያስቀምጣል። ሲነጋ ብስኩቱ ደረቅ ከሆነ ጀልባዋ ድናለች፤ ከራሰ ምንም ተስፋ የለም፣ የኮሚቴ ውሳኔም አያስፈልገውም። አንድ ብስኩት አስቀመጥኩና ሄድኩ።

ጧት ተነስቼ መጣሁ፤ የወለሉን ሳንቃ ማንሳት ግን አቃተኝ። ከታች ያለው ብስኩት ብቻ አልነበረም፣ እታለም። «እሷ ከሌለች ምን አለኝ» ያልሽውም እዚያው ተቀምጧል። ስለዚህ የማውቀውን ሠራሁ፦ ቫርኒሽሽን ከፈትኩ፣ ብሩሽሽን አነሳሁ፣ መድረኩ ላይ ቁጭ ብዬ ክሬኑ የቧጨረውን ጠርዝሽን መቀባት ጀመርኩ።

ፕሬበን ቡና በፔርሙስ ይዞ መጣ። ሲያየኝ ቆየና፣ «እማማ፣ የእርስዎ ዘይት አይደለም እንዴ? እህትዎ እዚህ የሉ፣ ማን ያይዎታል?» አለኝ።

«የእኔ ግማሽ አይደለም» አልኩት።

ያኔ ታላክ ደረሰ። ባርኔጣ፣ ሜትር፣ በብብቱ የደንቡ መጽሐፍ። ሰላም ሳይለን ጀልባዋ ውስጥ ዘሎ ገባ፤ ውርርድ ያሸነፈ ሰው ይመስላል። «እስቲ የዚችን ሆድ እንየው» ብሎ የወለሉን ሳንቃ አነሳ። ጎንበስ አለ። እኔ ብሩሹን እዚያው ቦታ ላይ እመላልሳለሁ፤ ያንቺ ጠርዝ እዚያ ጋ ዛሬም ቢሆን እንደ ጣት ወፍሯል።

ታላክ ብስኩት አይወድም ያልሽኝ አንቺ ነሽ? ተሳስተሻል። ሰውየው ቁርሱን አልበላም ነበር፤ እጁ ከሐሳቡ ቀደመ። ብስኩቱን አንስቶ አፉ ውስጥ ከተተው።

ኩርሽም!

እንደዚያ ያለ ድምፅ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ወደቡ ሁሉ ሰማው። ፕሬበን ቡናውን እግሩ ላይ አፈሰሰ። የታላክ መንጋጋ መሀል ላይ ቆመ፤ ነገሩ ቀስ እያለ ገባው፤ ማስረጃውን በገዛ ጥርሱ ሰብሯል።

«ጋሽ ታላክ» አልኩት፣ «እንዴት ነው? ራሰ?»

ሊዋሽ ሞከረ። እታለም፣ አፍ ሙሉ ደረቅ ብስኩት ይዞ መዋሸት አይቻልም፤ ፍርፋሪው ይመሰክራል። ሳል ያዘው፣ ቡና ሰጠነው፣ ዋጠው፣ ባርኔጣውን አስተካከለ። ከዚያ የደንቡን መጽሐፍ ዘግቶ በሊቀመንበር ድምፅ እንዲህ አለ፦ «ደረቅ ነው። በጣም ደረቅ። እንዲያውም ቅቤ ያንሰዋል።»

ያኔ ነው ብሩሽሽን የጣልኩት። ቆርቆሮው ውስጥ ይሁን ሰማይ ላይ አላየሁም። ታላክን አቀፍኩት፣ ፕሬበንን አቀፍኩት፣ የአንዲት የማላውቃት ጀርመናዊት ቱሪስት እጅ ጨበጥኩ። ቁጭ ብዬም አለቀስኩ፤ አሁን ማንም ምን ቢል ግድ አልነበረኝም። ደረቴ ላይ ሁለት ዓመት ተቀምጦ የነበረ ነገር ተነስቶ የሄደ መሰለኝ፤ ሲሄድ እንኳ አልተሰናበተኝም።

ማታ ወጣን። ሞተሩን አሙቄ ከባዱን መንኮራኩሩን፣ ቮላኖውን፣ አዞርኩ። አንድ ጊዜ አስነጠሰ፣ አንድ ጊዜ ተሳደበ፣ ከዚያ «ዱክ፣ ዱክ፣ ዱክ» አለ። አባባ በአማቱ ስም የጠራት አንዴ ከጀመረች ዝም ስለማትል እንደሆነ ለፕሬበን ነገርኩት፤ የእኔም አማት ያለ ሞተር እንዲሁ ናቸው አለኝ። ታላክ ከባሕሩ ዳር ደመራውን ለኮሰ። አናቱ ላይ ባለው ክፍት ቦታ የፕሬበንን አዲስ ማሞቂያዎች ማሸጊያ ሳጥን አስቀምጦበታል። ፕሬበን ራሱ ነው የሰጠው፤ ሲነድ አጨበጨበ።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። ያንቺ ክብደት ስለሌለ አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ተቀስሮ ደመና እያሸተተች ሄደች። ስለዚህ ያንቺ ቦታ ላይ አንድ ጆንያ ድንች አስቀመጥኩ። መልካም ተጓዥ ነው። ስለ አነዳዴ አያርመኝም፣ ቫርኒሽ ከዘይት ይበልጣል አይልም፣ ሽሪምፕ ሲልጥ ልጣጩን እኔ ላይ አይጥልም። ሦስት ጊዜ ዞሬ አየሁት። ድንች ሆኖ ቀረ።

እንግዲህ ውሃ ላይ ናት፣ ቦርጊል። ከዚህ በኋላ የጉልበትሽ እንጂ ሌላ ሰበብ የለሽም፤ ለጉልበትሽ ደግሞ አሁን ጨው ውሃ የለመደ የሠርግ ብርድ ልብስ አለሽ። አውቶቡሱ ጋ መጥቼ ሻንጣሽን እቀበላለሁ። ያኔ ያላልኩትን እዚያው እልሻለሁ፤ «እዚህ ምን አለኝ?» ብለሽ ለጠየቅሽው። በደብዳቤ ግን አልጽፈውም፣ ታላክ ፖስታ ቤቱ ጋ ቆሞ ያነባል።

መስመሩን እስክትመጪ እጠብቀዋለሁ።

የኋለኛው ግማሽና የሞተሩ ባለቤት፣
ታናሽሽ አስላውግ

እርማት፦ በዚህ ደብዳቤ የመጀመሪያ አንቀጽ ላይ «የቫርኒሽ ብሩሹ አርፏል» በማለት የተገለጸው ስህተት ሆኖ ተገኝቷል። ፖስታው ከመታሸጉ በፊት በተደረገ ተጨማሪ ምርመራ፣ ብሩሹ በቀለም ማቅጠኛው አኳራጅ ውስጥ ተዘፍዝፎ ካደረ በኋላ ጸጉሩ መላላት መጀመሩ ታውቋል። የጠነከረውም ስለሞተ ሳይሆን ማንም ሳይነካው ስለቆየ መሆኑ ተረጋግጧል። ንብረቱ ለሌላ ሰው የማይሰጥ በመሆኑ ባለቤቲቱ በአካል ቀርባ እንድትረከብ በአክብሮት እናሳስባለን።